ፌስታል የማይሰጥባት ከተማ፦ የሞድበሪ ባለሱቆች ስምምነት እንዴት ሠራ?

እ.አ.አ. በ2007 ስለ ፕላስቲክ ከረጢት፣ በአገር ቤት አጠራር ስለ ፌስታል፣ በሁለት የተራራቁ ሥፍራዎች ሁለት ውሳኔዎች ተላልፈዋል።

የመጀመሪያው በኢትዮጵያ የካቲት 1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ነው። አዋጁ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ሁለተኛው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን ግዛት በምትገኘው ሞድበሪ ተግባራዊ ሆነ። ሞድበሪ 1,500 ገደማ ነዋሪዎች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። ውሳኔውን ያሳለፈውም ፓርላማ ወይም የከተማ ምክር ቤት ሳይሆን የከተማዋ ባለሱቆች ናቸው።

አዋጅ በወጣበት አገር ፌስታል ከጉሊትም ከሱፐርማርኬትም ሳይጠፋ ዓመታት አለፉ። አስገዳጅ ሕግ ባልነበረባት ሞድበሪ ግን በአንድ ቀን ከሱቆች መደርደሪያ ወረደ። ይህ ልዩነት በጎ ፈቃደኞች ምን ማድረግ እንደሚችሉ፣ ምን ደግሞ ከአቅማቸው በላይ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

ከሚድዌይ እስከ ሞድበሪ

የሞድበሪ ታሪክ የሚጀምረው ከከተማዋ እጅግ ርቆ ነው። የዱር እንስሳት ፊልም ባለሙያዋ ሬቤካ ሆስኪንግ ለቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም ለመቅረጽ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተጉዘው ነበር። ሚድዌይ በተባለችው ሩቅ ደሴት ላይ አልባትሮስ የሚባሉ ትልልቅ የባሕር ወፎች ጫጩቶች በብዛት ሞተው ተመለከቱ። የጫጩቶቹ ሆድ በፕላስቲክ ስብርባሪ ተሞልቶ ነበር። ወላጆቻቸው ከባሕሩ ወለል ላይ የሚለቅሙት ምግብ መስሏቸው የጠርሙስ ክዳን፣ የሲጋራ መለኮሻና ሌላም ቁርጥራጭ ይዘው መጥተው ይመግቧቸዋል። ጫጩቶቹ ደግሞ ሆዳቸው እንደሞላ በረሃብ ይሞታሉ።

ሆስኪንግ ወደ ዴቨን ሲመለሱ የከተማዋን ነጋዴዎች ጠርተው የቀረጹትን አሳዩ። ፊልሙን ካዩ በኋላ የተነሣው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ለስድስት ወር ሙከራ ማንም ሱቅ ለደንበኛ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይሰጥ። በመጨረሻ 43ቱም የከተማዋ ነጋዴዎች ተስማሙ። ስምምነቱ ሜይ 1 ቀን 2007 ሥራ ላይ ዋለ፤ ሞድበሪም በአውሮፓ ከፕላስቲክ ከረጢት ነጻ የሆነች የመጀመሪያዋ ከተማ ተብላ ስሟ ተጠራ። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም።

ፊልሙ ልብ የሚነካ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ልብ መነካት ብቻውን የሱቅን አሠራር አይለውጥም። አንድ ሥጋ ሻጭ ብቻውን «ፌስታል አልሰጥም» ቢል ደንበኛው መንገዱን ተሻግሮ ከሌላው ይገዛል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ስለዚህም ብዙዎች ቢያምኑበት እንኳ ቀድመው መጀመር አይፈልጉም። የሞድበሪ በጎ ፈቃደኞች የፈቱት ይህን ቋጠሮ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ሲጀምሩ ደንበኛውን የሚወስድ ጎረቤት አይኖርም። ሌላው ጥንቃቄያቸው ገዢውን ባዶ እጁን አለማስቀረታቸው ነው፤ በየሱቁ የጨርቅ ከረጢት ለሽያጭ ቀረበ፣ ቦርሳውን ረስቶ ለመጣ ደግሞ ከበቆሎ ስታርች የተሠራ ከረጢት በጥቂት ሳንቲም ይሸጥለት ጀመር። ከተማዋ ትንሽ መሆኗም ረድቷል። ገዢና ሻጭ በስም በሚተዋወቁበት ሥፍራ ቃልን ማጠፍ ያሳፍራል።

የበጎ ፈቃድ ድንበር

ዜናው እንደተሰማ ሌሎች የብሪታኒያ ከተሞችም የሞድበሪን ፈለግ ለመከተል ተነሡ። እ.አ.አ. በ2017 መጨረሻ በኮርንዎል የምትገኘው ፔንዛንስ፣ «ሰርፈርስ አጌንስት ሱዊጅ» የተባለው የባሕር ዳርቻ ተቆርቋሪ ድርጅት ባወጣው መመዘኛ መሠረት ከፕላስቲክ ነጻ ማኅበረሰብ የሚል እውቅና አገኘች። መመዘኛው ከከረጢት ሰፋ ያለ ነው። የአካባቢው ምክር ቤት ድጋፉን በውሳኔ እንዲያረጋግጥ፣ ንግድ ቤቶች ደግሞ አንዴ ተጠቅመው ከሚጥሏቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ቢያንስ ሦስቱን እንዲተዉ ይጠይቃል፦ መጠጫ ቱቦ፣ የቡና ኩባያ ክዳን፣ ማንኪያና የመሳሰሉትን።

ሆኖም እነዚህ ከተሞች ስማቸው በየጋዜጣው በሚነሣበት ጊዜ እንኳ የእንግሊዝ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በ2014 ብቻ ለደንበኞቻቸው 7.6 ቢሊዮን ከረጢት ሰጥተዋል። ቁጥሩን የሰበረው የ5 ፔንስ ክፍያ ነው። ክፍያው በዌልስ በ2011፣ በሰሜን አየርላንድ በ2013፣ በስኮትላንድ በ2014፣ በእንግሊዝ ደግሞ በኦክቶበር 2015 ተጀመረ። በ2021 በእንግሊዝ ወደ 10 ፔንስ አድጎ አነስተኛ ሱቆችንም አካትቷል። በዋና ዋና ሱፐርማርኬቶች የአንድ ጊዜ ከረጢት ሽያጭ ከ95 በመቶ በላይ ቀንሷል። ጎረቤት አየርላንድ በ2002 የ15 ሳንቲም ግብር ስትጥል ተመሳሳይ ውጤት አግኝታ ነበር።

ይህ ማለት ግን ሞድበሪ ከንቱ ደከመች ማለት አይደለም። ሕግ አውጪዎች ሕዝብ ይቆጣል ብለው በሚፈሩት ጉዳይ ላይ፣ ሰዎች ቅር ሳይላቸው ኑሯቸውን እንደሚቀጥሉ በተግባር የታየባት ከተማ ነበረች።

ምትኩ ምን ይሁን?

ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ጥያቄ ይህ ነው። የብሪታኒያ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ አንድ የጥጥ ከረጢት ለከባቢ አየር ሙቀት የሚያደርገው አስተዋጽኦ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ከሚጣል ስስ ፌስታል በታች እንዲሆን 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ጥጡን ለማምረት የሚወጣው ውኃና ኃይል ቀላል አይደለም። ከየስብሰባው በነጻ የሚታደሉ፣ በየቁም ሣጥኑ ተከምረው የሚቀሩ የጨርቅ ቦርሳዎችን ላሰበ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል። በወፍራም ፕላስቲክ የሚሠሩት «የዕድሜ ልክ» የሚባሉ ከረጢቶችም እንደ ስማቸው አልሆኑም፤ በ2019 ይፋ በሆነ የአካባቢ ተሟጋቾች ሪፖርት መሠረት የብሪታኒያ ሱፐርማርኬቶች በአንድ ዓመት 1.5 ቢሊዮን ያህል ሸጠዋል። ገዢው እንደ ፌስታል አንዴ ይዟቸው ይጥላቸዋል።

የሰሌን ዘንቢል ይዘው ገበያ ይወጡ የነበሩ እናቶች ይህን ስሌት ሳይሠሩ አሟልተውታል። አንድ ዘንቢል እጀታው እስኪበጠስ ዓመታት ያገለግል ነበር።

ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2025 ከቀድሞው የጠነከረ አዋጅ አጽድቃለች። አዲሱ ሕግ የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትንና መሸጥን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ይከለክላል። በሞድበሪ ዕቃ መያዣው ለገዢው ተዘጋጅቶ የጠበቀው ክልከላው በጀመረበት በዚያው ዕለት ነው። በጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ ሴትና ስኳር በግማሽ ኪሎ የሚመዝን ባለሱቅ ዛሬ በምን ጠቅልለው ይሰጣሉ የሚለው ግን በየገበያው የሚመለስ ጥያቄ ነው።