የወሎ ድምፅና የሴት እጅ

ከደሴ ቁልቁል ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ኮምቦልቻ ይደረሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ባቲ ገበያ ያመራል፤ ከደሴ ወደ ሰሜን የሚጓዝም አምባሰልን ያገኛል። ከአራቱ ታዋቂ የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን የወረሱት ከዚሁ ምድር ነው።

ቅኝቱ የአገር ሁሉ ሲሆን መሣሪያው ግን የወንድ ሆኖ ኖሯል። በአዝማሪ ልማድ ማሲንቆውን የሚመታው ወንድ ነው፤ ሴቲቱ ትዘፍናለች፣ ታጨበጭባለች፣ በእስክስታ ታዳሚውን ታነቃቃለች። ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ደጃፍ እየዞሩ በሚያዜሙት ላሊበላዎች ዘንድ ባልና ሚስት ዜማውን ይቀባበላሉ፤ በዚያ ደግሞ መሣሪያ የለም። እንግዲህ የሴት ድምፅ ከጥንት ጀምሮ ተፈላጊ ነበር፤ የተነፈጋት መሣሪያውና የመሪነቱ ቦታ ነው። በዚህም ላይ «አዝማሪ» የሚለው ስም ራሱ ለስድብ ይውል በነበረበት ዘመን፣ በአደባባይ የምትዘፍን ሴት ከሙያዋ አስቀድሞ ጠባይዋ ይመረመር ነበር።

ይህን አጥር በአዲስ አበባ ከደፈሩት መካከል ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ይገኛሉ። ሁለቱም ክራራቸውን ራሳቸው እየደረደሩ የሚዘፍኑ ነበሩ። አስናቀች የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ ወደ ቲያትር መድረክ ከወጡት ቀደምት ሴቶች አንዷ ናት። እስከ ሕልፈቷ፣ እስከ 2004 ዓ.ም. መባቻ ድረስ፣ ስሟ ከክራሩ ተለይቶ አልተጠራም። ብዙነሽ በቀለ በበኩሏ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ በወታደራዊ ሥርዓት በታነጸ የወንዶች ቡድን ፊት ቆማ፣ ለዘመናዊው ዘፈን የራሷን ቀለም ሰጥታለች።

ደሴም የራሷን ድርሻ አበርክታለች። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ፣ በደሴ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ስመ ጥር ሆነ። በዚህ መድረክ የታየችው ማሪቱ ለገሰ፣ በኋላ «የአምባሰል ንግሥት» ተብላ ተጠራች። ድምፅዋ በዝግታ ተነሥቶ በመሐል የሚሰበር፣ በመጨረሻም ቅኝቱ ወደ ተነሣበት ድምፅ ተጠማዝዞ የሚመለስ ነው። እርሷ በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ስትኖር እንኳ፣ አምባሰል ሲነሣ ሕዝቡ በቅድሚያ የሚያስታውሰው ድምፅዋን ነበር። የኪነት ቡድን ዘፈንን የሚታወቅ ሥራ አደረገው፤ ይሁን እንጂ ከድምፃዊቷ በስተኋላ ክራርና ማሲንቆ ይዘው የሚቀመጡት አሁንም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ።

ዘመኑ የኤሌክትሪክ ጊታርን ባመጣ ጊዜም ጥያቄው አልተለወጠም። የጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም በቢል ላስዌል አዘጋጅነት ሲያወጣ፣ የኢትዮጵያን ቅኝት ከከባድ የሮክ ድምፅ ጋር አዋሕዶ ነበር። ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ፣ ሴቶች ነበሩ። ሴት በዚህን መሰል ጩኸታም ሙዚቃ ፊት መቆሟ በአገራችን አዲስ ነገር ነበር፤ ጊታሩንና ከበሮውን የያዙት ግን ወንዶች ነበሩ።

ነገሩ የሙዚቃው ዓይነት የሚያስከትለው ግዴታ እንዳልሆነ የሌላ አገር ምሳሌ ያስረዳል። በኢንዶኔዢያ ጋሩት እ.ኤ.አ. በ2014 በትምህርት ቤት የተመሠረተው ቮይስ ኦፍ ባሴፕሮት ሦስት ሙስሊም ልጃገረዶች ያቋቋሙት የሜታል ቡድን ነው። ሒጃባቸውን ሳያወልቁ ጊታሩንም፣ ቤዙንም፣ ከበሮውንም ራሳቸው ይጫወታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ የግላስተንበሪ መድረክ ላይ ቀርበዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋዶና ተጋብቶ ለሚኖርባት ወሎ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም።

ስለዚህ የሴት ድምፃዊት ታሪክ ሲጻፍ «ማን ዘፈነች?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «መሣሪያውን ማን ያዘ?» ተብሎም ሊጠየቅ ይገባል። አስናቀች በክራሯ የሰጠችው መልስ ግልጽ ነበር። ባቲንና አምባሰልን ለአገር ያበረከተ ምድር፣ ሴት ልጁ ቅኝቱን በገዛ ጣቶቿ ስትቃኝ ለመስማት ከማንም በፊት ጆሮውን መስጠት ይገባዋል።