ቅብጥብጡና ፈዛዛዋ፦ አንድ ችግር፣ ብዙ ስም

እስኪ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ያለ አንድ ክፍል አስቡ። አንዱ ልጅ ወንበሩ ላይ አይረጋም፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይናገራል። ሌላዋ ዝም ብላ በመስኮት ታያለች፤ ደብተሯ ግን ባዶ ነው። እሱን «ቅብጥብጥ»፣ እሷን «ፈዛዛ» እንላቸዋለን። ሁለቱም ግን አንድ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል፦ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር። ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1798 ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን ቀልባቸው አልረጋ ስለሚላቸው ሰዎች ጻፈ። በ1902 ደግሞ የሕፃናት ሐኪሙ ጆርጅ ስቲል ለንደን ላይ ራሳቸውን መግታት ስላቃታቸው ልጆች ተናገረ። አንዱ የ6 ዓመት ልጅ ለጨዋታ እንኳ ቀልቡ አይቆይም ነበር። ጨዋታ የሚጠላ ልጅ አለ እንዴ? ስቲል ጉዳዩ የአስተዳደግ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶት ነበር፤ ስሙን ግን «የግብረ ገብ ጉድለት» አለው።

ከዚያ በ1917 ገደማ አንጎልን የሚያስቆጣ ወረርሽኝ ተነሣ። ከበሽታው የዳኑ አንዳንድ ልጆች እረፍት የለሽ ሲሆኑ ሐኪሞች «አንጎል ተጎድቶ ነው» ማለት ጀመሩ። በ1968 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ መቅበጥበጥን አስቀደመ፤ ዝምተኛዋ ልጅ ተረሳች። በ1980 ግን ትኩረት ቀደመ፤ የማይቅበጠበጡትም ተካተቱ። የዛሬው ስም የመጣው በ1987 ነው።

«ይሄ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ቡታጅራ ውስጥ ተሠርቶ በ2001 የታተመ ጥናት ግን ችግሩን ከ1,000 ልጆች በ15 ያህሉ ላይ አግኝቷል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በደም ምርመራ አይደለም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየት፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየትና ኑሮን ማወክ አለባቸው። ለዚህ ነው ሐኪሙ ወላጅንም መምህርንም የሚጠይቀው። እንቅልፍ ያጣ ወይም በደንብ የማይሰማ ልጅም እኮ ቀልበ ቢስ ሊመስል ይችላል።

አያችሁ፣ ስም ቀላል ነገር አይደለም። «ባለጌ» የተባለ ልጅ ቅጣት ያገኛል፤ ችግሩ የታወቀለት ግን እርዳታ። እናንተም ክፍል ውስጥ ደብተሯ ባዶ የሆነ ልጅ ካለች፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ምን እንደከበዳት ጠይቋት።