ብሎትዌር፦ በአማርኛ ግሳንግስ ሶፍትዌር

የኮምፒውተር ሰዎች ብሎትዌር የሚሉትን በአማርኛ ግሳንግስ ሶፍትዌር ብንለው ይስማማል። «ያበጠ ሶፍትዌር» ማለትም ያስኬድ ነበር፤ ዳሩ ግን እብጠት የሚናገረው መጠንን ብቻ ነው፣ የተጠቃሚው ምሬት ደግሞ ሳይጠራ ገብቶ ቦታ በሚይዘው ነገር ላይ ነው። ይህ ግሳንግስ አዘውትሮ የሚገባው ድራይቨርን ታኮ ነው። ድራይቨር ኮምፒውተርን ከፕሪንተር፣ ከስካነር ወይም ከድምፅ ካርድ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ዕቃውን የሠራው ኩባንያ የሚያዘጋጀውን የአምራች ድራይቨር፣ እንደ ዊንዶውስ ያለው ስርዓት ይዞት የሚመጣውንና ለአንድ ዓይነት ዕቃ ሁሉ የሚያገለግለውን ደግሞ የወል ድራይቨር እንበል። ኪቦርድ፣ ማውዝና ፍላሽ እንደተሰኩ የሚሠሩት በወሉ ነው።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ኮፒና ፕሪንት ቤት የሚከፍት ሰው ለአዲሱ ፕሪንተሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ ሙሉውን ፓኬጅ ካወረደ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሄድበት ይችላል፤ ኢንተርኔት በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። ከድራይቨሩ ጋር የፎቶ ማደራጃ፣ የቀለም ማዘዣና የማሻሻያ አስታዋሽ ተሳፍረው ይመጣሉ። ቀለሙን መርካቶ ወርዶ ለሚገዛ ሰው የኦንላይን ማዘዣ ምን ይሠራለታል? ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ግን አብሮ ይነሣል፣ ሜሞሪም ይሻማል። ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ሞድዜሮ የተባለ የስዊዘርላንድ የደኅንነት ኩባንያ አንድ ነገር ይፋ አደረገ፦ ከአንዳንድ የኤችፒ ላፕቶፖች የድምፅ ድራይቨር ጋር የገባ ፕሮግራም፣ የማይክሮፎን ቁልፍ መነካቱን መከታተል ሲገባው፣ ተጠቃሚው የሚነካውን ቁልፍ ሁሉ የይለፍ ቃል ሳይቀር ባልተመሰጠረ ፋይል ይመዘግብ ነበር። ሆን ተብሎ ለስለላ መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ኤችፒም ማስተካከያ አወጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ተጠቃሚው መኖሩን የማያውቀውን ፕሮግራም ማን ይጠይቃል?

የወል ድራይቨር የዕቃውን አቅም ሁሉ አያወጣም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የተገዛ ግራፊክስ ካርድ ያለ አምራቹ ድራይቨር ምስል ከማሳየት ብዙም አያልፍም። ይህ ግን ለድራይቨሩ እንጂ ለግሳንግሱ ጥብቅና አይሆንም፤ ብዙ አምራቾች ራሳቸው መሠረታዊውን ድራይቨር ለብቻው ያቀርባሉ፣ ፈልጎ ማግኘት ነው እንጂ። በፕሪንተር በኩልማ ነገሩ ወደ ወሉ እያደላ ነው። አፕል በ2010 እ.ኤ.አ. ኤርፕሪንትን ሲያወጣ ድራይቨር ሳይጭኑ ማተም ተጀመረ፤ ማይክሮሶፍትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው ዕቅድ መሠረት ከ2027 ጀምሮ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ለአምራቾች የፕሪንተር ድራይቨር የሚፈቀደው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። የሚቸገሩት የወል ድራይቨር የማያገለግላቸው አሮጌ ፕሪንተሮች ናቸው። የእነሱን መሠረታዊ ድራይቨር አንዴ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ ማሽኑ ፎርማት በተደረገ ቁጥር ይፈለጋልና።