ከባክአፑ ጋር አብሮ የሚመለሰው ቫይረስ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ኮምፒውተሬን ፎርማት አስደርጌ ፋይሎቼን ከኤክስተርናሉ ስመልስ ቫይረሱ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አጭሩ መልስ «ቫይረሱንም አብረህ ባክአፕ አድርገኸው ነበር» የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን የአርባ ዓመት ታሪክ አለው። የኛም ሰፈር በታሪኩ ውስጥ የራሱ ድርሻ ስላለው ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

መቼም ጉለሌ አድጎ ወይም ተምሮ «ፓስተር»ን የማያውቅ የለም። ስሙ የመጣው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ በኋላ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ተባለ፣ ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰሌዳ ላይ «ቫይረስ» ብዬ ስጽፍ ተማሪዎቼ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው የፓስተሩ ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታው። ቃሉም ከዚያው ሆን ተብሎ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፍሬድ ኮኸን የሚባል የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን እያባዛ ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ። «ቫይረስ» የሚለውን ስም ያወጣለት መምህሩ ሊዮናርድ አድልማን ነው (አርኤስኤ ከሚባለው የምስጠራ ዘዴ ሦስት ፈጣሪዎች አንዱ)። ኮኸን በዚህ ብቻ አልቆመም። ማንኛውንም ቫይረስ ያለ ስህተት ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አሳየ። ይህቺን ያዟት፣ ወደ መጨረሻው ትመጣለች።

በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓኪስታን ላሆር ውስጥ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የሚባሉ ወንድማማቾች «ብሬይን» የተባለውን ቫይረስ ለቀቁ። ብሬይን ፋይል ውስጥ አይገባም፤ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ በሚያነበው የፍሎፒ ክፍል፣ ቡት ሴክተር ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይገነዘበውም። አንድም ፕሮግራም የሌለበት፣ ደብዳቤና የደመወዝ ሰንጠረዥ ብቻ የተገለበጠበት ፍሎፒ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። ፍሎፒውን ረስታችሁ ውስጡ እንዳለ ኮምፒውተሩን ካስነሳችሁት በቃ፣ ገባ። በዚያን ጊዜ ባክአፕ የሚያዘው ደግሞ በፍሎፒ ነው። አዳኙም ተሸካሚውም አንድ ዕቃ ነበር።

ከዚያ ቤተሰብ ነው ማይክል አንጄሎ የመጣው። ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይቆይና እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን ይነቃል። በኛ የካቲት 27፣ አድዋን ካከበርን በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው። በ1984 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1992) ዓለም ሁሉ ያንን ቀን ሲጠብቅ «የኮምፒውተራችሁን ሰዓት አዙራችሁ ማርች 6ን ዝለሉት» የሚል ምክር ሲሰጥ ነበር። ቀኑን መዝለል ዲስኩን ከመጥፋት ያድናል፤ ቫይረሱ ግን ለሚቀጥለው ዓመት እዚያው ተቀምጧል፣ በየፍሎፒውም ተገልብጧል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የ1989 እ.ኤ.አ. የኤድስ ዲስኬት ነው። ጆሴፍ ፖፕ የሚባል አሜሪካዊ፣ የዝንጀሮ ባሕርይ የሚያጠና ምሁር፣ «ስለ ኤድስ መረጃ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸውን 20,000 ያህል ፍሎፒዎች በፖስታ ላከ። ከተቀባዮቹ ውስጥ በዓለም ጤና ድርጅት የኤድስ ጉባኤ የተሳተፉ ሰዎች ነበሩበት። ፕሮግራሙ በርግጥም ስለ ኤድስ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። በጎን ግን ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ይቆጥራል። ወደ 90 ሲደርስ የፋይሎቹን ስም ቆልፎ «ፓናማ ወዳለው የፖስታ ሳጥን 189 ዶላር ላኩ» ይላል። ዛሬ ራንሰምዌር የምንለው ነገር አባቱ ይህ ነው።

እስቲ አስቡት፦ በቀን አንዴ ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው 90 ለመድረስ ሦስት ወር ይፈጅበታል። በነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ይመስላል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ደግሞ በየሳምንቱ ሙሉ ባክአፕ ይይዛል፤ ቆጣሪውንም አብሮ። ከሁሉም የከፋ ጉዳት የደረሰባቸው ደንግጠው ዲስካቸውን ሙሉ በሙሉ የደመሰሱት ናቸው። የተቆለፈው የፋይሎቹ ስም እንጂ ይዘታቸው አልነበረም፤ ጂም ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ ብዙም ሳይቆይ መፍቻ ሠርቶ በነፃ አደለ። ጆሴፍ ፖፕ ተይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብም የአእምሮው ሁኔታ ለክስ አያበቃውም ተባለ።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው (በኛ አቆጣጠር፤ ከኤድሱ ዲስኬት ዓመት ጋር ቁጥሩ ስለገጠመ እንዳትደባልቁት)። ከገባ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፋይል ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በእጅ ነበር፣ መጀመሪያ በፍሎፒ ከዚያ በፍላሽ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ከአዲሱ ገበያ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ የነበሩትን የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አስታውሱ። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ ፍላሹን እዚያችው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ፍላሽ ሲሰካ ወይም ሲከፈት «አውቶራን» የምትባለውን ትንሽ ፋይል አንብቦ የታዘዘውን ያስነሳ ነበር። በኅዳር 2001 የተነሳው ኮንፊከር በኔትወርክም በፍላሽም ይሄድ ነበር። እኛ ጋ ግን ከሁሉም ዝነኛው «ሾርትከት ቫይረስ» ነው፤ ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በምትካቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ይነሳል። ስንቱ ተመራቂ «ጽሑፌ ጠፋ» ብሎ አልቅሷል! ጽሑፉ እኮ እዚያው ነው፣ ተደብቆ።

የዚያ ዘመን የጥገና ልማድ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም የተማሪዬ ጥያቄ መልስ እዚህ ነው ያለው። ጠጋኙ ኮምፒውተሩን ሲቀበል የመጀመሪያ ጥያቄው «ዳታ አለህ?» ነው። ካለህ ሁሉንም ከሲ ወደ ዲ ይገለብጠዋል፣ ሲን ፎርማት ያደርጋል፣ ዊንዶውሱን አዲስ ይጭናል። ንፁህ፣ ፈጣን ኮምፒውተር ይዘህ ትሄዳለህ። ቤት ደርሰህ ፎቶህን ለማየት ዲን ሁለቴ ትጫናለህ። ዲ ውስጥ ያቺ አውቶራን ፋይል አለች። በዚያች ሰከንድ የተከፈለበት ሥራ ሁሉ አለቀ። ሰው ጠጋኙን ይረግማል፣ ጠጋኙ ዊንዶውሱን ይረግማል፣ ዲን የሚጠረጥር ግን የለም፤ ለምን? ዲ «ባክአፕ» ነዋ!

የገባቸው ልጆችም ነበሩ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ ዛሬ ትልልቅ መሥሪያ ቤት ናቸው፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ዲን ሳይነኩ መጀመሪያ አውቶራንን ይዘጋሉ፣ አንቲቫይረስ ይጭናሉ፣ ያሳድሱታል፣ ዲን ስካን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ነው የሚከፍቱት። ሌሎቹ ደግሞ ካኖኒካል በፖስታ በነፃ ይልክ በነበረው የኡቡንቱ ሲዲ ኮምፒውተሩን አስነስተው በሊኑክስ ዲን ይከፍታሉ። የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ ላይ እንደ ማንኛውም ፋይል ተጋድሞ ይታያል፣ በዓይን አይቶ መሰረዝ ነው። ችግሩ የአንቲቫይረስ ማሳደሻው ነበር። ቤት ኢንተርኔት የለም፤ ማሳደሻው ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ ነው የሚመጣው፣ ፍላሹ ደግሞ ከካፌው ምን ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2011 ማይክሮሶፍት በማሳደሻ አውቶራንን ለፍላሽ ሲዘጋው ነገሩ በረድ አለ። ማሳደሻ የማያገኙት የኛ ኤክስፒዎች ግን ለዓመታት እንደዚያው ቀሩ።

ከዚያ በግንቦት 2009 ዋናክራይ መጣ፣ ወደ 150 አገሮች። በሰኔ 20 ቀን ደግሞ ኖትፔትያ። ከኖትፔትያ ጋር የተያያዘውን የማርስክን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ይህ ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ የኔትወርኩን ተጠቃሚዎች ዝርዝር የያዙ ወደ 150 የሚጠጉ ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ነበሩት። አንዱ የሌላው ባክአፕ ነው። ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ ስለነበሩ ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ፣ ጋና ያለው። ለምን ተረፈ? መብራት ጠፍቶ ነበር! ጥቃቱ ሲደርስ ኔትወርክ ላይ አልነበረም። ኢንተርኔቱ ዳታውን ለመላክ ስላልቻለ፣ የጋና ሠራተኞችም የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበራቸው አንዱ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ ድረስ በርሮ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፤ ያኛው ወደ ለንደን ወሰደው። ኩባንያው በዐሥር ቀን 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫነ። መብራት ኃይልን ስናማ ለኖርን ሰዎች ይህ ታሪክ ትንሽ ያስቃል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ የጋናው ቅጂ ዋጋ ያገኘው ቅጂ ስለሆነ አይደለም፤ ከቫይረሱ በፊት የተለየ ስለሆነ ነው።

በኛም አገር በሰኔ 2012 ኢንሳ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች የሰነዘሩትን የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ሲያሳውቅ ብዙ ሰው ስለ ድረ ገጽ ባክአፕ ማሰብ ጀምሮ ነበር። ድረ ገጽም ቢሆን ያው ነው። ሰባሪው የገባበትን የተደበቀ ፋይል ባክአፑ ከያዘው፣ ገጹን ስትመልሱለት በሩንም መልሳችሁ ከፈታችሁለት።

እና ለተማሪዬ ያልኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ቫይረሱ መቼ እንደገባ ገምት፤ ከዚያ ቀን በፊት የተያዘ ቅጂ ካለህ ከእሱ ጀምር። ኤክስተርናሉን የምትከፍተው ዊንዶውሱም አንቲቫይረሱም በታደሰበት፣ ከኔትወርክ በተነጠለ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ ስካን ሳይጨርስ አንድም ፋይል አትጫን። ፎቶ፣ ጽሑፍ፣ ሰንጠረዥ ብቻ መልስ። ፕሮግራሞቹን ተዋቸው፣ ከዋናው ምንጭ እንደ አዲስ ጫን፤ በተለይ ያንን «ክራክ» የሚል ፎልደር። የኮኸንን ነገር አትርሳ፣ ስካኑ «ንፁህ» አለ ማለት አንቲቫይረሱ የሚያውቀውን አላገኘም ማለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ስካን ያደረግከውን ከሁለት ሳምንት በኋላ በታደሰው ድጋሚ ስካን አድርገው። ማክሮ አብራ የሚል የወርድ ፋይል ካጋጠመህ አታብራ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ካለህ ደግሞ አንቲቫይረሱ ውስጡን ማየት ስለማይችል ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ እዚያው በተነጠለው ኮምፒውተር ላይ ፍታውና ለብቻው ስካን አድርገው።