ከመቁረጥ በፊት መንገዱን ማወቅ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በየብስ ይደረስበታል፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲመጡ ግን ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር። መጻሕፍት ያስጻፉት፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩት እዚያ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር የገዳሙን ሀብት ሲወስድ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ተረፈ። ተረካቢ ስላልጠፋ እኛ ዘመን ደረሰ።

የአንጎል ሕክምና ግን እንዲህ ያለ ርክክብ አልገጠመውም። አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1665፣ ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ ፓሪስ ላይ ለተሰበሰቡ ምሁራን አንድ ምክር ሰጠ፦ አንጎልን ዝም ብሎ ከመቆራረጥ ይልቅ የነርቭ ክሮቹ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ ተከታተሉ። ሥራው አድካሚ መሆኑንም አልደበቀም። የተከተሉት ቢኖሩም፣ ዘዴው ኋላ ላይ ችላ ተባለ። በ1930ዎቹ ዮሴፍ ክሊንግለር ባዝል ከተማ ውስጥ አንጎልን እያቀዘቀዘ ክሮቹን በእንጨት መሣሪያ አንድ በአንድ ለየ፤ እሱም ለአሥርት ዓመታት ከጥቂቶች በቀር ተከታይ አላገኘም።

በ1994 ፒተር ባሰር፣ ጄምስ ማቲየሎና ዴኒ ለ ቢሃን ሌላ በር ከፈቱ። በአንጎል ውስጥ ያለ ውኃ የነርቭ ክርን ተከትሎ ሲሄድ ይቀናዋል፤ አቋርጦ ለመሄድ ግን ይከለከላል። ኤም.አር.አይ. ይህን እንቅስቃሴ ለክቶ የክሮቹን አቅጣጫ በቀለም ያሳያል፦ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈው ቀይ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው አረንጓዴ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሰማያዊ። ግሸን አምባ ላይ በፈቀዱት በኩል አይወጣም፤ በአንጎል ውስጥ ወዳለ ዕጢም በፈቀዱት በኩል አይገባም። ሐኪሙ ቅል ሳይከፍት ዕጢው የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያዝዘውን የነርቭ መንገድ ገፍቶት እንደሆነ ወይም ውስጡ ገብቶበት እንደሆነ አይቶ መግቢያውን ይመርጣል።

ምስሉ ግን የሚያሳየው የውኃውን እንቅስቃሴ እንጂ ክሩን ራሱን አይደለም። ክሮች እርስ በርስ በሚቋረጡበት ቦታ ይሳሳታል፤ ቅል ሲከፈትም አንጎል ከቦታው ስለሚንሸራተት አስቀድሞ የተሣለው ካርታ ይዛባል። ስለዚህ አንዳንዱ ታካሚ ነቅቶ ይታከማል፦ ሐኪሙ አንጎሉን በቀላል ኤሌክትሪክ እየነካ፣ ታካሚው ሥዕል እያየ የሚያየውን ነገር ስም ይጠራል። ፈተናው ደግሞ ታካሚው በሚኖርበት ቋንቋ መሆን አለበት። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሙ በሚጠራው በአምባሰል፣ ማሲንቆ መቺ ቢታመም የግራ እጁ ጣቶች ኑሮው ናቸው። እነሱን የሚያዝዘው መንገድ በቀኝ አንጎል በኩል ይወርዳል፤ ስለ እጁ ሳይጠየቅ ዕቅድ ሊወጣለት አይገባም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሐይቅ የሚነሣ ታማሚ መንገዱ ግን አሁንም በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። የኤም.አር.አይ. ማሽኑ ወደ ክልል ሲመጣ ምስሉን የሚያነብ ሰው አብሮት ሊሠለጥን ይገባል፤ የእያንዳንዱ ታካሚ ምስልም ከቀዶ ሕክምናው ውጤት ጋር ተጽፎ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ሐኪም ከዚያ ይጀምር።