ጎርፍና የወንዝ ደለል

ጎርፍ ወንዝን ያጠራል የሚል ቢኖር፣ ታሪክ ሌላ ያስረዳናል። በጃፓን አገር በ1890 እና በ1896 እ.ኤ.አ. የዋታራሴ ወንዝ ሞልቶ የአሺዮን የመዳብ ማዕድን ዝቃጭ በሩዝ እርሻ ላይ አፈሰሰው። የሕዝብ እንደራሴ የነበረው ታናካ ሾዞ በ1901 የገበሬዎቹን አቤቱታ ለንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጁ ሊያቀርብ ሞከረ።

በአገራችንም ከአዲስ አበባ የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮምየም ያለበት ፍሳሽ ወደ አቃቂ ወንዝ ወርዷል። ብረቱ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ በበጋ ከወንዙ ወለል ይተኛል፤ በክረምት ጎርፉ ቀስቅሶ አትክልት ወደሚበቅልበት መስክ ያወጣዋል።

የሲናና ደጋ የስንዴ አገር ነው፤ ሻያ ወደ ወይብ ይገባል፣ ወይብም በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ ፋብሪካ ከመተከሉ አስቀድሞ የወንዞቹን ደለል መርምሮ መመዝገብ ይገባል እንላለን፤ የዋታራሴ ገበሬ አቤት ያለው ከጎርፉ በኋላ ነበርና።