ብሩ ያቆየልን ፊት

ለኢዮቤልዩው ከየቤቱ ያሰባሰብናቸው የጥንት ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። ጥበቡ በአገራችን የቆየ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወረሱ።

እዚህ ናይሮቢ ደግሞ ከመካከላችን ለፍቅሩ ብለው ፎቶ የሚያነሱ፣ ማታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው በቀይ መብራት የሚያጥቡ ነበሩ። ሃይፖው በውኃ በደንብ ያልለቀቀው ፎቶ ዛሬ ቢጫ ሆኗል። በትዕግሥት የታጠበው ግን ምስሉ ከብር ስለሆነ፣ ከብዙ ባለቀለም ፎቶዎች ይልቅ ዘመን ተሻግሯል።

ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን እያለቀብን ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ አልበማችሁን ከልጆቻችሁ ጋር ግለጡ። ከየፎቶው ጀርባም ስምና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉልን።